ሁለት አፍ ያለው ሸምበቆ

ከጎጃም ደጋ ወርዶ ወደ ባሕር ዳር የሚገባ መንገደኛ፣ ዘንባባ በተሰለፈባቸው ጎዳናዎች አልፎ ከጣና ዳር በደረሰ ጊዜ፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በውሃው ስፋት፣ በደንገል ታንኳዎቹና ከሩቅ በሚታዩት ደሴቶች ላይ ነው፤ ጆሮውን ጥቂት ቢያዘነብል ግን፣ ከወፎቹ ጫጫታና ከማዕበሉ ድምፅ መካከል አንድ ሌላ ዜማ ለይቶ ይሰማል። ይህም እረኛ በመስክ፣ ባለሙያ በሠርግ ቤት፣ ሽማግሌ በደጁ የሚነፋው ዋሽንት ነው። ዋሽንት በመልኩ እጅግ ትሑት የሆነ መሣሪያ ነው፤ ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ የተቆረጠ፣ ውስጡ የተቦረቦረ፣ ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ቧንቧ ሲሆን፣ በጎኑ ላይ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ብቻ ይኖረዋል። ክር የለው፣ ቆዳ የለው፣ ቁልፍ የለው፤ የሚዘምረው በውስጡ የተከበበው አየር ነው።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ቧንቧ፣ ሁሉም ተዘግተው ከሚሰማው ድምፅ ጋር፣ በተራ ቢከፈት የሚሰጠው አምስት ድምፅ ነው፤ ባለዋሽንቱ ግን በአምስቱ ብቻ አይቆምም፤ ጣቶቹን መልሶ ዘግቶ፣ ትንፋሹን ብቻ አጥብቆ፣ ያንኑ አምስት በዚያው ሥርዓት ከፍ ባለ መዓርግ እንደገና ይዘልቀዋል። የአራቱ ቀዳዳ በቂነት ከየት መጣ? መልሱ የሚገኘው ቀዳዳዎቹን በመቍጠር ሳይሆን የሸምበቆውን ሁለት ጫፎች በመመልከት ነው፤ ሁለቱም ክፍት በመሆናቸው ነው። ይህን ምክንያት የአውሮፓ ሊቃውንት በ18ኛው መቶ ዓመት በሒሳብ ጻፉት፤ የእኛ አገር ዋሽንት ሠሪዎች ደግሞ ሳይጽፉት በእጃቸውና በጆሮአቸው ሲሠሩበት ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ዕውቀቶች በአንድ ማዕድ ማቅረብ ነው።

ሠሪውና ሸምበቆው

ከከተማው ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንዲት ዋርካ ጥላ ሥር፣ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ ዋሽንት ሠሪ የሸምበቆ እስር፣ የከሰል ምድጃ፣ ቀጭንና ወፍራም ወስፌ፣ አንዲትም ትንሽ ቢላዋ ከፊታቸው አኑረው ይሠራሉ። ሸምበቆውን የሚመርጡት በዓይን ብቻ አይደለም፤ በጥፍራቸው መታ መታ እያደረጉ ያዳምጡታል፤ ርጥበት የቀረበት፣ ስንጥቅ የጀመረው፣ ወይም ግድግዳው በአንድ ወገን የሳሳ ሆኖ ሲያገኙት ወደ ጎን ያኖሩታል። የተመረጠውን በሚሹት ርዝመት ቆርጠው፣ በየአንጓው ያለውን ውስጣዊ መጋረጃ በጋለ ብረት ይበሱታል፤ ከዚያም በረጅም ዘንግ ውስጡን ፍቀው ያለሰልሱታል። የሚነፋበትን አፍ ከንፈር እንዳይቈርጥ፣ ነገር ግን ትንፋሽን ለሁለት እንዲሰነጥቅ፣ ጠርዙን በጥንቃቄ ይሞርዱታል።

ቀዳዳዎቹ የሚወጡበትን ቦታ ለመለየት ማስመሪያ አይፈልጉም፤ ጣቶቻቸውን በሸምበቆው ላይ አግድም ደርድረው ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ በጋለው ወስፌ ጠበብ አድርገው ይበሳሉ፤ ይነፋሉ፤ ያዳምጣሉ፤ ድምፁ ከሚገባው በታች ሆኖ ሲያገኙት ቀዳዳውን በጥቂቱ ያሰፉታል፤ እንደገናም ይነፋሉ።

«አባቴ፣ ልኩን በምን ያውቁታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣

«በጆሮ ነው እንጂ ልጄ። ጣት መነሻውን ታሳያለች፤ ፍርዱን የሚሰጠው ጆሮ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ይሰፋል፤ የሰፋ ግን ተመልሶ አይጠብም፤ ስለዚህ ሥራው ትዕግሥት ነው» ብለው መለሱልኝ።

በዚህ ጊዜ ከሠሯቸው አንዱን፣ ገና ቀዳዳ ያልወጣለትን ሸምበቆ እንዲነፉልኝ ለመንኋቸው። ነፉት፤ ለስለስ ያለ ወፍራም ድምፅ ሰጠ። ትንፋሻቸውን አጠንክረው ሲነፉት ደግሞ ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለት በሁለት እጥፍ ንዝረት፣ ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ጠርቶ ወጣ። ቀጥሎም የታችኛውን አፍ በመዳፋቸው ሙሉ በሙሉ ከድነው እንዲነፉ ስጠይቃቸው፣ የሸምበቆው ርዝመት በአንዲት ጣት ስንኳ ሳይጨመርበት፣ ድምፁ ወደ ታች ወርዶ በአንድ ኦክታቭ ያህል ወፈረ። ትንፋሹ በጠነከረ ጊዜ ግን ወደ ኦክታቩ አልዘለለም፤ ከዚያ አልፎ ሌላ ድምፅ ላይ ዐረፈ፤ ይህም ክፍት ሆኖ ሳለ ከሰጠው ከመጀመሪያው ድምፅ በአምስተኛ መዓርግ ከፍ ያለ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ከታች ሲደፈን ጠባዩ ይለወጣል» አሉ። በዚህች አጭር ቃል የተናገሩት ነገር የክፍትና የዝግ ቧንቧ ትምህርት ሙሉ ፍሬ ነው፤ እኛም ከዚህ ተነሥተን ምክንያቱን እንመርምር።

አየር እንዴት ባለበት ይቆማል?

ድምፅ ማለት በአየር ውስጥ የሚሮጥ የመጠጋጋትና የመራራቅ ተራ ነው። የአየሩ ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው ከስፍራቸው ጥቂት ወዲያና ወዲህ ይላሉ እንጂ ከድምፁ ጋር አብረው አይነጉዱም፤ የሚጓዘው ግፊቱ ነው። ፍጥነቱም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ላይ የተነገረ ቃል እየሰፋና እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፤ በቧንቧ ውስጥ የተነሣ ድምፅ ግን ከጫፍ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ለጆሮአችን ሲደርስ፣ የሚበዛው ክፍል ወደ መጣበት ይመለሳል። የሚሄደው ከሚመለሰው ጋር በመንገድ ላይ ይገናኛል፤ ርዝመቱና ጊዜው ከተስማሙም፣ ሁለቱ ተደምረው ወደ የትም የማይሄድ፣ ባለበት የሚወዛወዝ ሞገድ ይፈጥራሉ። ቋሚ ሞገድ የሚባለው ይህ ነው።

ይህን በዓይነ ልቡና ለማየት፣ በንግሥ በዓል ሌሊት በቅኔ ማኅሌት ትይዩ የቆሙትን ሁለት የመዘምራን ረድፎች ማሰብ ይጠቅማል፤ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዘነብላሉ፤ ዜማው ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ ነገር ግን አንዱም ካህን ከቆመበት ስፍራ አይለቅም። በቧንቧ ውስጥ ያለውም አየር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ የሁሉም ቅንጣት ውዝዋዜ እኩል አለመሆኑ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራ አየሩ ፈጽሞ ያርፋል፤ በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ይወዛወዛል። የመጀመሪያውን የዕረፍት ነጥብ፣ ሁለተኛውን የውዝዋዜ ነጥብ ብንላቸው፣ የቀረው ትምህርት ሁሉ እነዚህ ነጥቦች የት የት ይውላሉ የሚለው ብቻ ነው።

ነጥቦቹን የሚወስነው የጫፉ ባሕርይ ነው። በተደፈነ ጫፍ ላይ ያለ አየር ግድግዳውን ገፍቶ ሊሄድ አይችልምና ያርፋል፤ በክፍት ጫፍ ላይ ያለው ግን የሚከለክለው ስለሌለ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ስለዚህ ክፍት ቧንቧ በሁለቱም ጫፎቹ የውዝዋዜ ነጥብ፣ በመካከሉም ቢያንስ አንድ የዕረፍት ነጥብ ይኖረዋል፤ በአንድ ወገን የተደፈነ ቧንቧ ግን ከአንዱ ጫፍ ዕረፍት፣ ከሌላው ጫፍ ውዝዋዜ ይዞ ይኖራል። በሁለት የውዝዋዜ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት የሞገዱ እኩሌታ ነው፤ በዕረፍትና በውዝዋዜ መካከል ያለው ደግሞ የሞገዱ ሩብ ነው። እንግዲህ ክፍቱ ቧንቧ የሞገዱን ግማሽ፣ ዝጉ ቧንቧ የሞገዱን ሩብ በውስጡ ስለሚይዝ፣ ርዝመታቸው አንድ ቢሆንም የዝጉ ሞገድ እጥፍ ይረዝማል፤ ንዝረቱም በግማሽ ይቀንሳል።

ይኸው ምሥጢር በሌላ መንገድ፣ በአንዲት የግፊት ምት ጉዞ ሊገለጥ ይችላል። ከአፍ የተነሣች የተጠጋጋች አየር በቧንቧው ወርዳ ክፍት ጫፍ ስትደርስ በድንገት ትዘረጋለች፤ በመዘርጋቷም ከኋላዋ ያለውን አየር ስባ ስለምታሳሳው፣ ወደ ላይ የሚመለሰው መጠጋጋት ሳይሆን መራራቅ ነው። ይህም መራራቅ ወደ ላይኛው ክፍት አፍ ሲደርስ እንደገና ተገልብጦ መጠጋጋት ይሆናል፤ በአንድ ምልልስ፣ ማለት በቧንቧው ርዝመት ሁለት እጥፍ ጉዞ፣ ነገሩ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በተደፈነ ጫፍ ላይ ግን ምቷ ከግድግዳው ጋር ተጋጭታ ሳትገለበጥ ትመለሳለች፤ የምትገለበጠው በላይኛው አፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ቀድሞ መልኳ ለመመለስ ሁለት ምልልስ፣ ማለት የርዝመቱን አራት እጥፍ መጓዝ ይኖርባታል። የሽማግሌው መዳፍ ድምፁን ወደ ታች ያወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

ቍጥሩንም እንይ። 60 ሴንቲሜትር የሚረዝም ሸምበቆ ሁለቱም አፎቹ ክፍት ሲሆኑ በሰከንድ 286 ጊዜ ያህል ይነዝራል፤ ትንፋሽ ሲጠነክርበት ወደ 572፣ ከዚያም ወደ 858 ይወጣል፤ ይኸውም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በሙሉ ቍጥር ተራ የሚሄድ ነው። ይኸው ሸምበቆ ከታች ሲደፈን በ143 ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሚሰጠው 286ን ሳይሆን 429ን ነው፤ ከዚያም 715። የሄደው በአንድ፣ በሦስት፣ በአምስት ነው፤ ጥንድ ቍጥሮች በሙሉ ቀርተውበታል፤ ከአንደኛው ጫፍ ዕረፍት፣ ከሌላው ውዝዋዜ ይዞ የሚቆም ሞገድ ጥንድ ሩብ ሊኖረው አይችልምና። ሕጉን ባጭሩ ብናሳርገው፣ ሁለቱ ጫፎች አንድ ባሕርይ ሲኖራቸው የድምፁ ቤተሰብ ሙሉ ይሆናል፤ ጫፎቹ በባሕርይ ሲለያዩ ግን ጎዶሎ ቍጥሮቹ ብቻ ይቀራሉ።

የዕረፍትና የውዝዋዜ ነጥቦችን ትምህርት በአውሮፓ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ዮሴፍ ሶቨር ሲሆን፣ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1701 ነበር። የኦርጋን ቧንቧዎችን ሕግ በሒሳብ አደላድሎ ያስረዳው ደግሞ የስዊሱ ሊቅ ዳንኤል ቤርኑሊ ሲሆን፣ ይህም በ1762 ነው። በዚያ ዘመን እኛ ዘንድ መናገሻው ጎንደር ነበረ፤ በጣና ደሴቶችም ቤተ ክርስቲያን ይታነጽ፣ ሥዕል ይሣል ነበር፤ ዋሽንትም በመስኩ ይነፋ ነበር።

የአራቱ ቀዳዳ በቂነት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ጣት ከቀዳዳ ላይ ሲነሣ፣ በዚያ ስፍራ አየሩ ወደ ውጭ መውጫ ስለሚያገኝ ቧንቧው በዚያው ያለቀ ያህል ይሆናል፤ ሞገዱ ያጥራል፤ ድምፁ ይቀጥናል። የዜማችን መሠረት የሆኑት ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ኦክታቭ ውስጥ አምስት ድምፅ የያዙ ናቸው። ሁሉም ቀዳዳዎች ተዘግተው አንድ፣ በተራ ሲከፈቱ አራት፣ በጠቅላላው አምስት ይሆናል፤ ቅኝቱ ተፈጸመ። ስድስተኛው ድምፅ የመጀመሪያው ኦክታቭ ነው፤ ይህን ለማግኘት ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አያስፈልግም፤ ክፍት ቧንቧ ትንፋሽ ሲጠነክርበት በሁለት እጥፍ ንዝረት ስለሚመልስ፣ ጣቶቹ ሁሉ ተዘግተው ኦክታቩ ይመጣል። ከዚያ በላይ ያሉት አራቱ ድምፆችም በዚያው የጣት ሥርዓት ይከተላሉ።

ዋሽንት ከታች የተደፈነ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እናስብ። ትንፋሽ ሲጠነክር የሚዘለው ወደ ሦስት እጥፍ፣ ማለት ከኦክታቩ አልፎ ወደሚቀጥለው አምስተኛ መዓርግ ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ድምፅ እስከዚያ ድረስ ያለው ባዶ ቦታ ሁሉ በቀዳዳ መሞላት ይኖርበታል። ለምሳሌ በትዝታ ቅኝት ይህ ስምንት ድምፅ ያህል ይሆናል፤ ለዚህም ሰባት ቀዳዳ ያስፈልጋል። ይህ ችግር በአሳብ ብቻ የቀረ አይደለም፤ ከምዕራብ አገር የመጣው ክላርኔት በትክክል ይህን ችግር ተሸክሞ የሚኖር መሣሪያ ነው። ክላርኔት ከአፉ በኩል በምላስ መሰል ቀጭን ሸምበቆ የተዘጋ ስለሆነ እንደ ዝግ ቧንቧ ይሠራል፤ ወደ ሦስት እጥፍም ይዘልላል፤ የብዙዎቹ ቁልፎቹ ምክንያትም ይህንኑ ሰፊ ክፍተት መሙላት ነው። ምዕራባዊው ፍሉት ግን እንደ ዋሽንት ክፍት ነውና ወደ ኦክታቩ ይዘልላል።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት የሙዚቃ ሊቅ አሸናፊ ከበደ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1967 «ኮቱራሲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን የጻፉት ለፍሉት፣ ለክላርኔት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓኑ ኮቶ ነበር። ክፍቱ ቧንቧና ዝጉ ቧንቧ በአንድ ድርሰት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው መሰማታቸው፣ የሁለቱን ጠባይ በጆሮው ሊለይ ለሚፈልግ ሁሉ መልካም ትምህርት ነው።

እምቢልታና መለከት

ቀዳዳ ከቶ የሌለው መሣሪያም አለን፤ እርሱም እምቢልታ ነው። እምቢልታ ረጅም ክፍት ቧንቧ ሲሆን፣ ጣት የሚያርፍበት ስፍራ ስለሌለው፣ ከቧንቧው ርዝመት በተፈጥሮ ከሚገኙት ድምፆች በስተቀር ሌላ አያወጣም። 1 ሜትር የሚረዝም ክፍት ቧንቧ 171፣ 343፣ 514 እያለ ይሄዳል፤ ከእነዚህም ነፊው የሚጠቀመው በጥቂቶቹ ነው። ነገር ግን አንዱ ብቻውን የማይችለውን ሦስት ሆነው ይችሉታል፤ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት እምቢልታዎች በሦስት ሰዎች ተይዘው፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተቀበለ፣ ድምፃቸውን እንደ ሰንሰለት አያይዘው አንድ ዜማ ያቆማሉ። በነገሥታቱ ዘመን ከነጋሪት ጋር ሥርዓተ መንግሥትን ያጅብ የነበረው፣ በመንፈሳዊ በዓላትም ታቦት ሲወጣ ይሰማ የነበረው ይህ ድምፅ፣ የክፍት ቧንቧ ሕግ በጉባኤ ሲዘምር ነው ማለት ይቻላል።

መለከት ደግሞ የዝግ ቧንቧ ወገን ነው። በመለከት አፍ ላይ የነፊው ከንፈሮች ተጨብጠው ስለሚነዝሩ፣ በዚያ ጫፍ ግፊቱ ከፍተኛ፣ የአየሩም ውዝዋዜ አነስተኛ ይሆናል፤ ይኸውም የተደፈነ ጫፍ ጠባይ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ በ1770 ወደ ጎንደር መጥቶ፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሐበሻ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጻፈውን ደብዳቤ፣ እንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ በርኒ በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አግብቶታል። በዚያ ደብዳቤ ብሩስ መለከትን ከሸምበቆ የተሠራ፣ ውስጡ ከግማሽ ኢንች የጠበበ፣ ርዝመቱ አምስት ጫማ ከአራት ኢንች ያህል፣ ከጫፉም የቅል አንገት የተገጠመለት፣ አንድ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ አድርጎ ገልጾታል። ይህ ርዝመት 163 ሴንቲሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ ቧንቧ በአንድ ጫፉ ተደፍኖ ቢሰላ፣ የመጀመሪያው ንዝረት በሰከንድ 53፣ ሁለተኛው 158፣ ሦስተኛው 263 ይሆናል፤ የቅሉ አንገትም እነዚህን ጥቂት ያሻሽላቸዋል። በድምፆቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነውና፣ የጦር ሠራዊት ነጋሪ የሆነ ሰው በአንዱ ላይ ጸንቶ መቆሙ የመሣሪያው ተፈጥሮ የፈረደው ነገር ነው።

የዝግ ቧንቧን ጠባይ በጥበብ የተጠቀመበት ሌላው ወገናችን በደቡብ ይገኛል። በደራሼ ሕዝብ ዘንድ «ፊላ» የሚባለው ጨዋታ ከታች የተደፈኑ የተለያየ ርዝመት ያላቸው የቀርከሃ ቧንቧዎች በብዙ ሰዎች ተይዘው የሚነፉበት ነው። እዚህ ላይ የመደፈኑ ጥቅም ግልጽ ነው፤ በግማሽ ርዝመት ያንኑ ወፍራም ድምፅ ማግኘት ስለሚቻል፣ ዘፋኙ እየጨፈረ ሊይዘው የሚችል አጭር መሣሪያ ይኖረዋል።

ስለ ሙቀትና ስለ ደጋ አየር

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩም ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች አራት አምስተኛ ያህል ነው። ከዚህ የተነሣ «አየሩ ስለ ሳሳ የዋሽንቱም ድምፅ ይለወጣል» ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። የድምፅ ፍጥነት የሚወሰነው በአየሩ ግፊትና በክብደቱ ሚዛን ስለሆነ፣ ከፍታ ሁለቱን አንድ ላይ ስለሚቀንሳቸው ሚዛኑ አይናወጥም። ድምፁን የሚለውጠው ሙቀት ነው። ኢሳቅ ኒውተን በ1687 የድምፅን ፍጥነት በሒሳብ ሲያወጣ ከእውነተኛው ያነሰ ቍጥር ያገኘው፣ አየር በፍጥነት ሲጠጋጋ መሞቁን ስላላሰበው ነበር፤ ፈረንሳዊው ላፕላስ በ1816 ጉድለቱን አርሞታል።

በጣና ዳር ማለዳ ሙቀቱ 12 ዲግሪ፣ ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲሆን፣ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ ከ339 ሜትር ወደ 348 ሜትር ያህል ይጨምራል። በዋሽንት ላይ ይህ ለውጥ የግማሽ ድምፅ እኩሌታ ያህል ቅጥነት ያመጣል። ማሲንቆውና ክራሩ በዚህ መጠን አብረውት ስለማይወጡ፣ ባለክሩ በየጊዜው ይቃኛል፤ ባለዋሽንቱ ግን ሸምበቆውን ሊያስረዝም ስለማይችል፣ የከንፈሩን አቀማመጥ ያዘነብላል፤ ወይም ከያዛቸው ዋሽንቶች የሚስማማውን ይመርጣል። ባለሙያዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት ስለዚህና ለየዘፋኙ ድምፅ የሚስማማ መነሻ ለማግኘት ነው።

የወረቀቱ ሒሳብ ከእጅ ሥራው የሚለይበት አንድ ስፍራም አለ። የአየሩ ውዝዋዜ በቧንቧው ጠርዝ ላይ በድንገት አይቆምም፤ ጥቂት ወደ ውጭ ያልፋል፤ በዚህም የተነሣ ቧንቧው ለድምፅ ከሚታየው ርዝመት ጥቂት የረዘመ ሆኖ ይገኛል። በክፍት ጫፍ ይህ ትርፍ የቧንቧውን ወርድ እኩሌታ ስድስት አሥረኛ ያህል ነው፤ የውስጡ ወርድ 2 ሴንቲሜትር ለሆነ ሸምበቆ 6 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከንፈር በሚሸፍነው አፍ በኩል ግን ትርፉ ይበልጣል፤ በነፊውም አያያዝ ይለዋወጣል። እንግዲህ ሽማግሌው ዋሽንት ሠሪ ፍርዱን ለጆሮ መተዋቸው ከዕውቀት ጉድለት የመጣ ሳይሆን፣ የዕውቀት ፍጻሜ ነው።

የሐይቁ ምልልስ

ቋሚ ሞገድ በሸምበቆ ብቻ የሚኖር ነገር አይደለም፤ ጣናም ራሱ የዚህ ሕግ ተገዢ ነው። ነፋስ የሐይቁን ውሃ ለረጅም ጊዜ ወደ አንድ ወገን ገፍቶ ሲያቆም፣ የተከመረው ውሃ ወደ ማዶ ይመለሳል፤ ከማዶም ዳር ተመልሶ ይመጣል፤ በአንዱ ዳር ከፍ ሲል በሌላው ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። በስዊስ አገር ፍራንሷ አልፎንስ ፎረል የተባለው ሊቅ ከ1869 ጀምሮ የጄኔቭን ሐይቅ በመመርመር፣ አንዱ ምልልስ 73 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ አስረድቷል። የጣና ርዝመት ወደ 84 ኪሎሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ ወደ 9 ሜትር ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ረጅም ሞገድ በእርሱ ላይ በሰከንድ ከ9 ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ፍጥነት ይጓዛል፤ በሒሳቡም መሠረት አንዱ ሙሉ ምልልስ ወደ 5 ሰዓት ይፈጃል። የጄኔቭ ሐይቅ በርዝመቱ ከጣና ብዙ የማያንስ ሲሆን ጊዜው እጅግ ያጠረው፣ በጣም ጥልቅ ስለሆነና ሞገዱ በጥልቅ ውሃ ላይ ስለሚፈጥን ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ሐይቁ ከሁለቱም ወገን በምድር የተዘጋ ስለሆነ ሁለቱ ጫፎቹ አንድ ባሕርይ አላቸው። ስለዚህ የምልልሱ ስሌት የሁለት እጥፍ ርዝመት ጉዞ ነው፤ ክፍቱ ዋሽንት በሚሰላበት መንገድ ማለት ነው። በ60 ሴንቲሜትር ሸምበቆ በሰከንድ ሦስት መቶ ጊዜ ሊደርስ ጥቂት የቀረው፣ በሐይቁ ላይ በቀን አምስት ጊዜ ያህል የሚሆነው፣ ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ ርዝመቱና ፍጥነቱ ስለተለያየ ብቻ ነው። ፍጥረት በትንሹና በታላቁ አንድ ሥርዓት መጠበቋን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ነገር በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ለመምህራን የቀረበ ቃል

ባሕር ዳር የትምህርት ከተማ ናት። ፖሊቴክኒኩ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተቋቁሞባታል፤ መምህራንን የሚያሠለጥነው አካዳሚ በ1972 ተመሥርቶባታል፤ ሁለቱም ኋላ ተዋህደው በ2000 ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ከእነዚህ ቤቶች የወጡ የፊዚክስ መምህራን በአማራ ክልልና በመላ ኢትዮጵያ ተሰማርተው ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው ግን ስለ ክፍትና ስለ ዝግ ቧንቧ ሲማሩ የሚያዩት ብዙውን ጊዜ በመጽሐፍ የተሣለ መስመር ነው፤ ዋሽንቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ይነፋል፤ ቀመሩ ከአጥሩ ውስጥ ይሸመደዳል፤ ሁለቱም ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። መምህሩ ሁለቱም አፎቹ ክፍት የሆኑ ከግማሽ ሜትር የሚረዝም ሸምበቆ፣ ውሃ የሞላ ባልዲና በሰከንድ 512 ጊዜ የሚነዝር የድምፅ ሹካ ይያዝ። ሸምበቆውን ወደ ውሃው አጥልቆ፣ የሚነዝረውን ሹካ ከላይኛው አፍ አቅርቦ፣ ሸምበቆውን ቀስ እያለ ወደ ላይ ያንሣው፤ ውሃው ከታች ስለሚደፍነው ቧንቧው ዝግ ነው። ከውሃው በላይ ያለው አየር 17 ሴንቲሜትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ድምፁ በድንገት ይጎላል፤ 50 ሴንቲሜትር አጠገብ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ይጎላል። ተማሪዎቹ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ 33 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ያገኛሉ፤ ይህን በሁለት፣ ከዚያም በ512 ቢያባዙት የድምፅ ፍጥነት 343 ሜትር ሆኖ በገዛ እጃቸው ይወጣላቸዋል። በጠርዙ የሚያልፈው ትርፍም በሁለቱም ልኬቶች ውስጥ እኩል ስላለ ሲቀናነስ ይጠፋል።

ከዚያም ከመንደሩ አንድ ዋሽንት ሠሪ ይጋበዙ፤ በክብር ወንበር ይቀመጡ፤ ሸምበቆውን ክፍት ሆኖ፣ ቀጥሎም በመዳፍ ተከድኖ ይንፉ፤ ተማሪዎቹም የሰሙትን በቀመር ያስረዱ። የዋሽንት ሠሪነት ሙያ የሚጠበቀው በበዓል ቀን በሚነገር ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ዕውቀት መሆኑ ታውቆ በትምህርት ገበታ ላይ ስፍራ ሲሰጠው ነው። የፊዚክስ ትምህርትም ከልጆቻችን ልብ የሚገባው ከሚያውቁት ድምፅ ሲነሣ ነው። ስለዚህ ይህን የምታነቡ መምህራን ሁሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ቋሚ ሞገድ ልታስተምሩ ስትገቡ፣ ከጠመኔው ጋር አንድ ዋሽንት ይዛችሁ ግቡ።